ፊቱ ሳይታይ በድምፁ የታወቀው ተዋናይ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ሰውን ሳያዩ በድምፁ ብቻ ማወቅ ሬዲዮ ያስለመደን ነገር ነው። እኔም አሁን መልኬን ሳታዩ፥ ቁመቴን ሳትለኩ የምናገረውን ትሰማላችሁ፤ ድምፄ የጎረበጣችሁ እንደ ሆነ ሬዲዮውን ትዘጋላችሁ፥ የተስማማችሁ እንደ ሆነ ግን እስከ መጨረሻው ትታገሡኛላችሁ። ስለዚህ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ለመናገር ባሰብሁ ጊዜ፥ ከብዙዎቹ መካከል ክሎድ ሬንስን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሰው በሲኒማ ዓለም ስሙ መጠራት የጀመረው ፊቱ በማይታይበት ፊልም ነው። ሰዎች ሲሰሙት የተፈጥሮ ስጦታ የሚመስላቸውንም ድምፅ ሲወለድ ይዞት አልመጣም፤ በልጅነቱ አንደበቱ የታሰረ፥ የገዛ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጥራት የማይችል ልጅ ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቴአትርና በሲኒማ ሥራ ተዋንያን በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ስሙ በማስታወቂያው ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፍለት፥ ቈንጆዪቱን የሚያገባና ጠላቱን ድል የሚያደርግ መሪ ተዋናይ ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ዳኛውን፥ ሐኪሙን፥ አጎቱን፥ ምቀኛውን፥ የፖሊሱን ሹም፥ ጉቦ የሚበላውን እንደራሴ የሚጫወት ነው። እንግሊዞች ይህን ሁለተኛውን የባሕርይ ተዋናይ ይሉታል፤ ከእርሱ የሚፈለገው የመልክ ማማር ሳይሆን የሰውን ልዩ ልዩ ባሕርይ አጥንቶ መልበስ ነውና። መሪው ተዋናይ በየፊልሙ ራሱን ሆኖ ይታያል፥ ሕዝቡም የሚወድለት ይህንኑ ነው፤ የባሕርይ ተዋናይ ግን ባለፈው ሳምንት ያየነው ሰው መሆኑን ሊያስረሳን ይገባዋል። በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በደብዳቤው ግርጌ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ መዝገቡን ከነአባሪው ያገላበጠው፥ ቃሉን የመዘነው፥ ደብዳቤውንም ያረቀቀው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ክሎድ ሬንስ በኖቬምበር 10 ቀን 1889 ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው የሎንዶን ክፍል ተወለደ። የተጠመቀበት ስም ዊልያም ክሎድ ሬንስ ነው። አባቱ ፍሬድ ሬንስ ተዋናይ ነበር፤ ነገር ግን የተዋናይነት ገቢ በዚያ ዘመን ቤተ ሰብን በቅጡ የሚያሳድር አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤቱን ገና በታናሽነቱ ትቶ፥ በመንገድ ላይ ጋዜጣ እየሸጠና በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል እየዘመረ የሚያገኘውን ሳንቲም ለእናቱ ያመጣላት ነበር።

በዚህ ልጅ አንደበት ላይ ሦስት እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛው፥ የሎንዶን ድኾች የሚናገሩት ኮክኒ የተባለው አነጋገር ነው፤ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሰው አፉን ከመክፈቱ ከየትኛው ሰፈርና ከየትኛው መደብ እንደ መጣ ይታወቅበት ስለ ነበር፥ ኮክኒ የሚናገር ሰው በመድረክ ላይ ቢበዛ አሽከር እንጂ መኰንን ሊሆን አይችልም ነበር። ሁለተኛው፥ ይንተባተብ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «ረ» የተባለችውን ፊደል መጥራት አይሆንለትም ነበርና ስሙን ሲጠየቅ «ዊሊ ሬንስ» በማለት ፈንታ «ዊሊ ዌንስ» ይል ነበር። እንግዲህ ከነዚህ ሦስት እንቅፋቶች አንዱ ብቻ እንኳ ሰውን ከመድረክ ለማራቅ ይበቃል።

ሆኖም በ1900፥ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ፥ ሄይማርኬት በተባለው የሎንዶን ቴአትር ቤት በአንድ ተውኔት ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋራ እንዲሮጥ ተቀጠረ። መናገር አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው መሮጥ ብቻ ነበር። ቈይቶም በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ተዋናይ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ወደሚያስተዳድረው ወደ ሂዝ ማጀስቲስ ቴአትር ገባ። በዚያም ሥራው የጥሪ ልጅ መሆን ነበር፤ ይኸውም ተዋንያኑ ከሚለብሱባቸው ክፍሎች ደጃፍ ለደጃፍ እየሮጠ ወደ መድረክ የሚወጡበት ተራ መድረሱን ማስታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቃል አስታዋሽ ሆነ፤ ቃል አስታዋሽ ማለት በመጋረጃው ጥግ መጽሐፉን ይዞ ተቀምጦ፥ ተዋናዩ ቃሉ የጠፋበት እንደ ሆነ ሕዝቡ ሳይሰማ ሹክ የሚለው ሰው ነው። ኋላም የመድረክ ኀላፊ ለመሆን በቃ።

እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ቃል አስታዋሽነቱ ላይ ብዙ ቈምሁ። በጨለማ ጥግ ተቀምጦ በየማታው የታላላቅ ተዋንያንን ንግግር እያንዳንዱን ቃል በዐይኑ በመጽሐፉ ላይ፥ በጆሮውም ከመድረኩ መከታተል ምን ዓይነት ትምህርት እንደ ሆነ አስቡት። የት እንደሚተነፍሱ፥ የት ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፥ ዝምታቸውም ስንት ጊዜ እንደሚቈይ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነበር፤ ተዋናዩ ዝም ያለው ለጨዋታው ብሎ ይሁን ቃሉ ጠፍቶበት ለይቶ ማወቅ ግዴታው ነበርና።

ትሪ ይህ ልጅ የሚጨነቅበትን ነገር አስተዋለ። ለአነጋገር ትምህርት የሚሆኑ መጻሕፍት የሚገዛበትንና ለመምህር የሚከፍለውን ገንዘብ ሰጠው። ልጁም ለዓመታት አንደበቱን እንደ ባዕድ ቋንቋ ተማረው። አናባቢዎቹን ከኮክኒው አላቀቀ፥ «ረ»ን በምላሱ ላይ አስቀመጠ፥ መንተባተቡንም ንግግሩን በማዘግየትና በመመጠን ገዛው። ኋላ በፊልሞቹ የምንሰማው፥ እያንዳንዱን ቃል እንደ ወርቅ መዝኖ የሚያወጣ የሚመስለው ያ አነጋገር ከዚህ የተገኘ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። አንደበቱ ያለ ድካም የተፈታለት ሰው ቃሉን እንደዚያ ተጠንቅቆ አያወጣውም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ነበር፤ ጦርነቱ ባስፈለገው ጊዜ ግን ተመልሶ «የሎንዶን ስኮትላንዳውያን» በተባለው ክፍለ ጦር በተራ ወታደርነት ገባ። በዚያው ክፍለ ጦር ኋላ በሲኒማ የታወቁት ባዚል ራትቦን፥ ሮናልድ ኮልማንና ኸርበርት ማርሻል አገልግለዋል፤ ማርሻል በጦርነቱ አንድ እግሩን አጥቷል። ሬንስ ደግሞ በ1916 ፈረንሳይ አገር ቪሚ በተባለው ስፍራ ጠላት የለቀቀው መርዛም ጋዝ አገኘው። የቀኝ ዐይኑ ብርሃን ከመቶ ዘጠናው እጅ ጠፋ። ጋዙ ጉሮሮውንም ነክቶት ነበርና ያ በስንት ድካም የተገራ ድምፅ ተጎዳ።

ጉሮሮው ሲያገግም ድምፁ እንደ ቀድሞው ጥርት ያለ አልሆነም፤ በሥሩ ሻካራ ነገር ቀረበት፥ ወፍራም ሐር ሲታሽ እንደሚሰማው ያለ። ከጦርነቱ በተራ ወታደርነት ገብቶ በሻምበልነት ማዕርግ ሲወጣ፥ ይዞት የተመለሰው አንድ ዐይንና ይህ ድምፅ ነበር። ስለ ዐይኑ ጉዳት ለሰው መናገርን አይወድም ነበር፤ ስለዚህ በኋላ ዘመን በፊልም ያዩት ብዙዎች የሚያዩት ሰው በአንድ ዐይን የሚያይ መሆኑን ሳያውቁ ኖረዋል።

ከ1919 ጀምሮ በሎንዶን መድረኮች ላይ ተጫወተ። በዚሁ ዘመን ትሪ በ1904 ባቋቋመው፥ ኋላም የንጉሣዊ ድራማ አካዳሚ በተባለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ከተማሪዎቹ መካከል ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ሎተን ነበሩበት፤ ሁለቱም ከዘመናቸው ታላላቅ ተዋንያን የተቈጠሩ ናቸው። ትሪ በ1917 ዐርፎ ስለ ነበር፥ «ዊሊ ዌንስ» ይል የነበረው ልጅ በእርሱ ትምህርት ቤት የእንግሊዝን ወጣቶች አነጋገር ሲያስተምር ለማየት አልታደለም።

በ1926 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በብሮድዌይ ቴአትሮች ለብዙ ዓመታት ሠራ። ሲኒማ ግን አልፈለገውም ነበር። ቁመቱ አጭር፥ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ነውና። በ1932 አንድ የፊልም ኩባንያ ፈትኖት ሳይቀበለው ቀረ። እንደሚባለው ያ የፈተና ፊልም በሚታይበት ጊዜ በአጠገቡ ባለው ክፍል የነበረው እንግሊዛዊ የፊልም አዘጋጅ ጄምስ ዌል ድምፁን በግድግዳው በኩል ሰማ። ዌል ኤች ጂ ዌልስ በ1897 ካሳተመው ልብ ወለድ «የማይታየው ሰው» የተባለውን ፊልም ሊሠራ ተሰናድቶ ስለ ነበር፥ የሚያስፈልገው መልክ ሳይሆን ድምፅ ነበር።

ፊልሙ በ1933 ወጣ። ታሪኩ በአንድ መድኀኒት ኀይል ራሱን የማይታይ ስላደረገ ግሪፊን ስለሚባል ሊቅ ነው። በበረዶ መካከል ፊቱን በፋሻ ጠምጥሞ፥ ጥቍር መነጽር አድርጎ ወደ አንድ የገጠር ማረፊያ ቤት ይመጣል። ሰዎቹ ሲያስቸግሩት ፋሻውን ይፈታል፤ ከፋሻው በታች ምንም የለም። ይህ በዚያ ዘመን ሰውን እጅግ ያስደነገጠ ነገር ነበር። የተሠራበትም መንገድ እንዲህ ነው። ጆን ፉልተን የተባለው የፊልም ጥበበኛ፥ ክፍሉን በሙሉ በጥቍር ከፋይ ያለብሰዋል፤ የሚጫወተውም ሰው ከራሱ እስከ እጁ ጥቍር ከፋይ ለብሶ፥ በዚያ ላይ ሸሚዙንና ኮቱን ይደርባል። ጥቍሩ በጥቍር ላይ ስለማይታይ በፊልሙ የሚቀረጸው ባዶ ልብስ ሲንቀሳቀስ ነው። ይህም የክፍሉን ዕቃዎች ከሚያሳይ ከሌላ ፊልም ጋራ በጥንቃቄ ይገጣጠማል።

ዘዴው የፉልተን ነው፤ ሰውየውን ሰው ያደረገው ግን ሬንስ ነው። ፊት የለውም፥ ዐይን የለውም፥ ከንፈር የለውም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። በዚያ ድምፅ የሊቁን ትዕቢት፥ መድኀኒቱ ቀስ በቀስ ያመጣበትን እብደት፥ ከወደዳት ልጅ ጋራ ሲሆን የሚመለስበትን ርኅራኄ ሁሉ አሰማ። በመጨረሻ በበረዶው ላይ በሚታየው የእግሩ ዱካ ተይዞ ይመታል፤ በአልጋ ላይ ሲሞት የመድኀኒቱ ኀይል ይለቀውና ፊቱ ቀስ እያለ ይታያል። ተመልካቹ ክሎድ ሬንስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያች ቅጽበት፥ ሬሳ ሆኖ ነው። ዕድሜው አርባ አራት ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሆሊውድ ሥራ አልጎደለበትም። በ1938 በሮቢን ሁድ ታሪክ ውስጥ ተንኰለኛውን ልዑል ጆንን ሆነ፤ ይህን በችኰላ አልፈዋለሁ፥ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት የሠራው ከዚህ የበለጠ ነው። «ሚስተር ስሚዝ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል» በተባለው የፍራንክ ካፕራ ፊልም ሬንስ የተጫወተው ጆሴፍ ፔን የተባለውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነው። ፔን ክፉ ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ለእውነት የቆመ፥ ሕዝቡም የሚያከብረው፥ ሽበቱ ያማረ ሰው ነው፤ ዳሩ ግን በሥልጣን ለመቈየት ሲል ከአንድ የገንዘብ ጌታ ጋራ ከብዙ ዓመት በፊት ተስማምቷል። አሁን ስለ አንድ ግድብ የተዘጋጀ ሕግ በእጁ እንዲያልፍ ይፈለጋል፤ በግድቡ አሳብቦ የገንዘብ ጌታው መሬቱን አስቀድሞ ገዝቷል። የሟች ወዳጁ ልጅ፥ ገር ወጣት፥ ይህን ባጋለጠ ጊዜ ፔን ልጁን ራሱን ወንጀለኛ አድርጎ ይከስሰዋል።

ሌላ ተዋናይ ቢሆን ይህን ሰው ጥርሱን የሚያፋጭ ወንበዴ ያደርገው ነበር። ሬንስ ግን ሰውየው በሚዋሽበት ጊዜ ሁሉ የሚያፍር አደረገው። ንግግሩን በማማር ይጀምራል፥ ድምፁ ግን በመካከል ላይ ይደርቅበታል፤ ወጣቱን በቀጥታ ለማየት ዐይኑ እሺ አይለውም። የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ፊልም ሲያይ የሚፈራው ክፉውን ባለ ገንዘብ አይመስለኝም፤ የሚፈራው ፔንን ነው።

በ1942 የተሠራው «ካዛብላንካ» ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ የተለየ ነገር አለው። ካዛብላንካ በሞሮኮ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን እጅ ከወደቀች በኋላ ከሂትለር የሸሹ ስደተኞች በዚያ ተከማችተው ወደ ሊዝበን፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ የሚያሻግራቸውን የመውጫ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ፈቃዱ ያለው በፖሊሱ ሹም በካፒቴን ሉዊ ሬኖ እጅ ነው፤ እርሱም ለወንዶቹ በገንዘብ፥ ለሴቶቹ ከዚያ በከፋ ዋጋ ይሸጠዋል። ሬኖን የተጫወተው ክሎድ ሬንስ ነው። ሬኖ ለጀርመን ያደረው የቪሺ መንግሥት ሹም ነው፤ ነገር ግን በቪሺም ሆነ በማንም አያምንም፥ ነፋሱ ወደ ነፈሰበት እንደሚያዘነብልም በግልጽ ይናገራል።

ጀርመናዊው መኰንን የሪክን ቡና ቤት እንዲዘጋ ሬኖን ባዘዘው ጊዜ የሚያደርገውን ያየ ሰው አይረሳውም። ቤቱን ለመዝጋት ምክንያት ያስፈልገዋልና በዚህ ቤት ቁማር መኖሩን አሁን ገና እንደ ሰማ ሆኖ ይደነግጣል፤ በዚያው ቅጽበት የቁማሩ አጫዋች ያሸነፈውን ገንዘብ ቈጥሮ ያስረክበዋል፤ እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያመሰግንና ገንዘቡን ተቀብሎ፥ ወዲያው ሰዉን ሁሉ ውጡ ይላል። ሬንስ ይህን ሲጫወት አይስቅም፥ አይጠቅስም። የመሥሪያ ቤት ሥርዐት እንደሚፈጽም ሰው ይፈጽመዋል። ሳቁም ከዚህ የመጣ ነው።

ለእኛ የተለየ ነው ያልሁት ግን ሌላ ነው። ሬኖ የቡና ቤቱን ባለቤት ሪክን፥ ማለት ሃምፍሪ ቦጋርትን፥ ላይ ላዩን ለማንም ደንታ የሌለህ ትመስላለህ እንጂ ልብህ እንደዚያ አይደለም ይለዋል። ለዚህም ማስረጃ ሲያቀርብ፥ በ1935 ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ማሻገሩን፥ በ1936 ደግሞ በስፔን ከሕጋዊው መንግሥት ወገን ሆኖ መዋጋቱን ይጠቅስበታል። ሪክ በሁለቱም ጊዜ ጥሩ ዋጋ ተከፍሎኛል ብሎ ሊሸሽ ይሞክራል፤ ሬኖ ግን ያሸነፈው ወገን ቢሆን ከዚያ አብልጦ ይከፍልህ ነበር ብሎ ይመልስለታል። 1935 ማለት የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረበት የእኛው 1928 ዓ.ም. መስከረም ነው። ያን ጊዜ ብዙ መንግሥታት ፊታቸውን ያዞሩባት አገር፥ በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ኅሊና እንዳለው ማስረጃ ሆና ትጠራለች፤ ስሟንም የሚጠራው የክሎድ ሬንስ ድምፅ ነው። ይህ ትዕይንት በ1942 ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ሲቀረጽ፥ ያ «ያሸነፈው ወገን» ከአዲስ አበባ ከተባረረ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

በፊልሙ መጨረሻ ሪክ ጀርመናዊውን መኰንን በሽጉጥ ይገድለዋል። ሬኖ ቆሞ አይቷል። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሁሉም የሚጠብቀው ወንጀለኛውን እንዲያሳያቸው ነው፤ እርሱ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እንደ ወትሮው የሚጠረጠሩትን ሰዎች እንዲሰበስቡ ያዝዛቸዋል። ከዚያም ውሃ ሊቀዳ ያነሣውን ጠርሙስ «ቪሺ» የሚለውን ጽሕፈት አይቶ ወደ ቈሻሻ ቅርጫት ይጥለዋል። በዚያች አጭር ዝምታ ውስጥ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እግሩ ይቆማል። የቃል አስታዋሹ ልጅ የዝምታን ርዝመት መለካት መማሩ እዚህ ላይ ታየኝ።

በ1944 «ሚስተር ስኬፊንግተን» በተባለው ፊልም፥ ከናዚዎች እስር ቤት ዐይኑ ታውሮ የሚመለሰውን አይሁዳዊ ባለ ባንክ ሆነ። የሚያዩት ሰዎች ስለ ራሱ ዐይን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እኔ አላውቅም። በዚያ ፊልም ሚስቱን የተጫወተችው ቤቲ ዴቪስ ከሁሉ አብልጣ አብራው መሥራት የምትወደው ተዋናይ እርሱ እንደ ነበር ተናግራለች። ከዚያ በፊት በ1939 «ኋሬዝ» በተባለው ፊልም እርሱ ናፖሌዎን ሦስተኛን ሆኖ ሲያያት፥ በዐይኑ ላይ ያየችው ንቀት አስደንግጧት ነበር፤ የንጉሡ ንቀት መሆኑን ረስታ፥ ሬንስ ራሱ አጨዋወቷን የናቀባት መስሏት ነበር።

በ1946 ደግሞ አልፍሬድ ሂችኮክ «ኖቶሪየስ»ን፥ በእኛ አነጋገር «ስመ ክፉዪቱ» ልንለው የምንችለውን፥ ሠራ። ሬንስ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሸሸገ ናዚ ነው፤ ያገባት ሴት፥ ኢንግሪድ በርግማን፥ የአሜሪካ ሰላይ ናት። በርግማን በቁመት ትበልጠው ስለ ነበር፥ በሚቀራረቡበት ጊዜ ከእግሩ በታች ከፍ ያለ ሳንቃ ይደረግለት እንደ ነበር ሂችኮክ ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን የቁመቱ ማጠር ፊልሙን አልጎዳውም፤ ቈንጆ ሚስቱን ከልቡ የሚወድ፥ እንደማትወደው ግን በልቡ ጥግ የሚያውቅ ሰው ለመሆን ረዳው። ተመልካቹ ናዚውን መጥላት እየፈለገ ለባልየው ያዝንለታል። ምስጢሩን ባወቀ ጊዜ ከእናቱ ጋራ ተማክሮ ሚስቱን በቡና ውስጥ በሚጨመር መርዝ ቀስ በቀስ ሊገድላት ይነሣል፤ ቢሆንም በመጨረሻ እርሷን ይዘው የሚሄዱበት መኪና ሲዘጋበትና ባልንጀሮቹ ከበሩ ላይ ሲጠሩት፥ ወደ ሞቱ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጣ ከጀርባው ብቻ እናየዋለን። በዚያ ጀርባ ላይ ፍርሃት ይነበባል።

የአሜሪካ የሲኒማ ማኅበር በየዓመቱ ለሚሰጠው ኦስካር ለተባለው ሽልማት አራት ጊዜ ታጨ፤ ስለ ፔን፥ ስለ ሬኖ፥ ስለ ስኬፊንግተንና ስለዚህ ስለ መጨረሻው። አራቱንም ጊዜ ሽልማቱ ለሌላ ሰው ሆነ። በአራተኛው ጊዜ የተሸለመው ሃሮልድ ራስል ተዋናይ ያልነበረ፥ በውትድርና ሳለ ሁለት እጆቹን በፈንጂ ያጣ ወታደር ነበር። ለዚህ ሰው ሽልማቱን መልቀቅ በቪሚ ለነበረ ሰው የሚያስከፋ ሊሆን አይገባም፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ ቢያንስ ሬኖን አላሳልፈውም ነበር።

በትዳሩ ዕድል አላገኘም፤ ስድስት ጊዜ አግብቷል፥ ይህን አልዘረዝረውም። ደስታ ያገኘው በመሬቱ ላይ ነው። በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ከተቀበለ በኋላ በ1941 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በእኛ ልክ ወደ 4 ጋሻ የሚጠጋ እርሻ ገዛ፤ ቤቱ በ1747 የተሠራ ነበር። አንድ ፊልም እንዳለቀ ከሆሊውድ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ሽልማትም የመጣለት ከሲኒማ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቤቱ ከቴአትር ነው፤ በ1951 ከአርተር ኬስትለር ልብ ወለድ በተዘጋጀው «ጨለማ በቀትር» በተባለው ተውኔት፥ በራሱ ፓርቲ የታሰረውን አሮጌ አብዮተኛ ሩባሾቭን ተጫውቶ ቶኒ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በ1962 በ«ሎሬንስ ዘአረብያ» እንግሊዛዊውን የመንግሥት ሰው ድራይደንን፥ በ1965 ደግሞ የመጨረሻው በሆነው ፊልሙ ንጉሥ ሄሮድስን ሆነ። በሜይ 30 ቀን 1967 በኒው ሃምፕሻየር በ77 ዓመቱ ዐረፈ።

ሴት ልጁ ከተረከችው አንድ ነገር ቀርቶኛል። በ1950 ገደማ ከእርሻቸው አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት «የማይታየው ሰው» እንደ ገና ይታይ ነበርና ልጂቱን ይዟት ሄደ። ጊዜው ብርድ ስለ ነበር ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ፥ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ ነበር። ወደ መስኮቱ ቀርቦ ሁለት ቲኬት ስጠኝ ሲል ሻጩ ድምፁን ሰምቶ ማን እንደ ሆነ ዐወቀውና፥ ከእርስዎ ገንዘብ አልቀበልም አለው። ሬንስ ተቈጣ፤ ሙሉውን ዋጋ ካልከፈልሁ አልገባም ብሎ ከፍሎ ገባ። ፊልሙ እንደ ጀመረም ለልጁ ይህ እንዲህ ተሠራ፥ ያ እንዲያ ተሠራ እያለ ያስረዳት ጀመር። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ፊልሙን ማየት ትተው፥ በጨለማው ውስጥ ወደ እርሱ ዞረው ያዳምጡት ነበር።